ያልተባሉት ሁለት ስንኞች

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ዝናብ። ወተት ልገዛ ወጣሁ፤ ወተት ገዝቼ ተመለስኩ። በዚህ ሰሞን ይህም አንድ ነገር ነው።

አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ትኩር ብላ ስታየኝ ቆየችና ክርኔን ነካ አደረገችኝ።

«ሳጅን ጊሊስ! አንተ ሞተህ የለም እንዴ?»

«ሞቻለሁ» አልኳት። «ወተት አልቆብኝ ነው የተነሳሁት።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «እናቴ አልቅሳልሃለች» አለችኝ። «ከወደቡ ላይ የገፋህን ሰውዬ እስከ ዛሬ ስሙን አትጠራም።»

አሥራ ስድስት ዓመት በቴሌቪዥን ፖሊስ ነበርኩ። ተገፍቼ ውሃ ውስጥ ከገባሁ አራት ዓመት አለፈ። ግላስጎ ውስጥ ሳጅን ጊሊስን የማያውቅ የለም። ዱጋልድ ሬኒን የሚያውቀው ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም... እኔም አንዳንድ ቀን ነው።

ቤት ስገባ ስልኩ ይጮሃል። ሮና ናት፣ ሥራ የምታፈላልግልኝ ወኪሌ። በየካቲት... የለም፣ ከማርች ጀምሮ ደውላ አታውቅም።

«ዱጊ፣ ቁጭ በል። የገናው ቴአትር ይፈልግሃል። እማማ ስቶቪን እንድትሠራ።»

ቀይ ዊግ፣ የስፖንጅ ጡት፣ እንደ ድንኳን የተነፋ ቀሚስ። ልጆች የሚጮሁባት፣ እሷም መልሳ የምትጮህባቸው ባለጌ እናት። ሁልጊዜ ወንድ ነው የሚሆናት። ዘጠኝ ገና ሠርቻታለሁ፤ የመጨረሻው አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«እሺ» አልኩ። ሳላስብ። ስልኩን ስዘጋ ወተቱ ገና እጄ ላይ ነበር።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ለምን እሺ አልኩ?

ማርች፣ ፐርዝ። ትንሽ ተውኔት፣ ሁለት ሰው ብቻ። አንድ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ቆምኩ። ቃል ይጠፋል፤ አርባ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አውቀዋለሁ፤ ትንሽ ትጠብቀዋለህ፣ ይመጣል። ያን ቀን ግን ቃሉ የሚመጣበት መንገድ ራሱ አልነበረም። ጉንፋን ነው አልኳቸው። አመኑኝ።

ኢሽቤል አላመነችም። ታላቅ እህቴ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሕፃናት ስላስተማረች ጀርባዋን ሰጥታም ውሸት ትሰማለች። ሴፕቴምበር ላይ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ወረቀት ላይ ሰዓት ሳል አሉኝ። አምስት ቃል ነግረውኝ ስለ አየሩ አወሩኝ፤ ከዚያ ቃላቱን መልስ አሉኝ። ሦስት መለስኩ። ወይስ ሁለት? ውጤቱ በፖስታ ይመጣል ተባለ።

መጥቷል። ማንኪያ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከሹካዎቹ ሥር። አልከፈትኩትም።

«ደብዳቤው መጣ?» አለች ዛሬ።

«አልመጣም።»

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

በኢሽቤል ወጥ ቤት ስናጠና ዋልን። ከእንግዲህ በዓይን አልይዝም። ገጹን አየዋለሁ፣ ይገባኛል፣ ገጹን ስገለብጥ የለም። በአፍ ሲሆን ግን... እየተንጎራደድኩ፣ ጮክ ብዬ፣ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ያኔ እግሬ ውስጥ ይገባል። እግሬ አይረሳም።

«ድጋሚ» ትላለች፣ ቀይ እርሳሷን እንደያዘች።

«ኢሽቤል፣ ደከመኝ።»

«ስትደክም አይደለም የምታቆመው፤ ስትችል ነው። ድጋሚ።»

በተውኔቱ መንፈስ ከኋላዬ የሚመጣበት ቦታ ላይ፣ ከወንበራቸው የሚጮሁትን ልጆች እሷ ሆነች። እኔ፦ «ኧረ የት አለ?» እሷ በሰባ ዓመቷ፣ ጠረጴዛ እየደበደበች፦ «ከኋላሽ ነው! ከኋላሽ!» ጎረቤቱ ግድግዳውን መታ። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከዚያ ገብስ ሾርባ አቀረበችልኝ።

አንድ ሙሉ ሰዓት አልፈራሁም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

የመጀመሪያው ልምምድ። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የረጠበ ካፖርት ሽታ፣ እንደ ድሮው።

በሩ ላይ ፊንሌ። ክፉውን ባሮን እሱ ይሠራል፤ ክፉ ካልሠራ አይጠራም። ከሃያ ዓመት በላይ ስንሰዳደብ ኖረናል።

«እህ! ሬሳው መጣ!»

«አንተ ደግሞ ጸጉርህ የት ሄደ? እሱንም ከወደብ ገፉት?»

አቀፈኝ። ረዘም አድርጎ አቀፈኝ። ወይስ እኔ ነኝ ሁሉን ነገር የምለካው?

ሺና እዚያው ናት። መድረኩን የምትመራው፣ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፤ ማን የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚል ሁሉ በእሷ መዝገብ ላይ ነው። ከሻይ በኋላ ወደ ጥግ ወሰደችኝና ፖስታውን ሰጠችኝ።

«ልማዱን ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። የተረቱ የመጨረሻ ሁለት ስንኞች በልምምድ አይባሉም። ተመልካች ወንበሩ ላይ ካልተቀመጠ ተረቱ አላለቀም፣ ያላለቀን ነገር አለቀ ማለት ደግሞ መዓት ይጠራል። በዚህ ቴአትር ቤት ጭራሽ ስክሪፕቱ ላይ አይጻፉም። ደራሲው በእጁ ጽፎ ለእማማ ይልካል። ከእሷ ሌላ ማንም አያያቸውም፣ ሺናም ብትሆን። በፊት አንዱ ለቀልድ ብሎ በልምምድ ላይ ተናግሯቸው ነበር ይባላል፤ በሦስተኛው ቀን የጣሪያ መብራት ወድቆ ትከሻውን ሰበረው። እኔ አላምንም። ግን ዘጠኝ ገና ሙሉ አፌን ዘግቻለሁ።

በልምምድ ላይ በእነሱ ቦታ ሌላ ነገር እንላለን። ዛሬ «ድንች ድንች ሽንኩርት፣ ሽንኩርት ድንች ድንች» አልኩ። ሁሉም እጅ ነሡ።

ሽንት ቤት ገብቼ ፖስታውን ከፈትኩ። አጭር ናቸው። ቀላል ናቸው። አነበብኳቸው፣ ወረቀቱን አጠፍኩ።

እጄን ታጥቤ ስወጣ ራሴ ውስጥ አልነበሩም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

አርባ ሁለት ገጽ በኢሽቤል እርሳስ ገብቶልኛል። ሁለት ስንኝ እምቢ አለኝ።

በዓይን ብቻ ነው የተፈቀደልኝ። ዓይኔ ደግሞ ወንፊት ሆኗል። ዛሬ ጠዋት ስድሳ ጊዜ አነበብኳቸው፣ ከንፈሬን በጣቴ ይዤ። ሌላ ሰው ቢያየኝ አበደ ይለኛል። የምችልበትን አንድ መንገድ ነው ልማዱ የዘጋብኝ።

ለሺና ብነግራትስ? «ሺና፣ ጮክ ብዬ ልበለው፣ ካልሆነ አይያዝልኝም።» ለምን ትለኛለች። ለምን ስትለኝስ?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

አንድ ነገር አለ። ስገባ ወሬ ይቆማል።

ዛሬ ከመጋረጃው ጀርባ ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር። ፊንሌ አፌን ያያል። ዓይኔን ሳይሆን አፌን።

«ምን ታያለህ?»

«ጥርስህ ላይ ቀለም አለ።»

ጠረግኩት። መሐረቡ ላይ ምንም የለም።

ሺና መግቢያዬ አጠገብ ወንበር አኑራለች። «ላንተ አይደለም፣ ለወገቤ ነው» አለች። ሺና በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። ሊቀይሩኝ ነው? ፊንሌ ቀሚሱን ይፈልገዋል። ማን የማይፈልገው አለ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 21

ወንዙ ዳር ሄድኩ። ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ሰው የለም። እዚህ ብናገረው ማን ይሰማል? አፌን ከፈትኩ... ዘጋሁት።

አላልኩትም። ይህን መጻፍ እፈልጋለሁ። ፐርዝ ላይ ዋሽቻለሁ፣ እህቴን ዋሽቻለሁ፣ ሮናን ዋሽቻለሁ። ይህን ግን አልሰበርኩም። አንዲት ቃል እንኳ ከአፌ አልወጣችም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25

ኢሽቤል ቤቴ መጥታ ሹካ ፈለገች።

ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ማህተሙ ኦክቶበር 9 ይላል። ተቀመጠች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ።

«ክፈተው።»

«ከገና በኋላ።»

«ዱጋልድ።» ሙሉ ስሜን እናታችን ከሞተች ወዲህ ጠርታው አታውቅም። «ክፈተው፣ ካልሆነም ለሺና ንገራት። ከሁለት አንዱን።»

«ብነግራት ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? ይህች ከተማ ትንሽ ናት። ዛሬ ለሺና የነገርኩትን ነገ ሮና ትሰማለች። ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠራኝም። አንድም ሰው! ከዚህ ሌላ ምን ሆኜ አውቃለሁ? ንገሪኝ እስኪ፣ ምን ሆኜ አውቃለሁ?»

«ወንድሜ።»

ይዛ የመጣችውን ምግብ ሳትቀምስ ሄደች። ደብዳቤውን ወደ ሹካዎቹ መለስኩት።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 28

ነገ ከሰዓት በኋላ ይከፈታል። ወረቀቱን በግራ ጓንቴ ውስጥ ሰፋሁት። ሲጨንቀኝ መዳፌን አያለሁ፣ አበቃ። ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል... ሌባ ግን ይተኛል ይባላል።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29

ዛሬ አልችልም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 30

እሺ። እንደሆነው ልጻፈው።

ሺህ ሰው፣ ግማሹ ልጅ። ኢሽቤል አራተኛው ረድፍ ላይ፣ በትምህርት ቤት ኮቷ። ስወጣ ሳቁ እንደ ንፋስ መታኝ። እግሬ ሁሉን ያውቃል። ዘፈኑን ያውቃል፣ መውደቁን ያውቃል። አንዱን አባት ከሦስተኛው ረድፍ መርጬ ባሌ አደረግኩት፤ ሚስቱ «ውሰጂው፣ ካልሲውንም እጠቢ!» አለችኝ። እንደዚያ ቀን ሠርቼ አላውቅም።

ከዚያ የሊጡ ትዕይንት። እኔና ባሮኑ ኬክ እንጋግራለን፣ እንጣላለን፣ ሊጥ እንወራወራለን። መጀመሪያ ላይ እማማ ጓንቶቿን አውልቃ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ትጥላለች፣ ባሮኑ ከሊጡ ጋር ያማስላቸዋል። በየቀኑ ለምደነዋል። በየቀኑ! በየቀኑ ጓንቴን አውልቄ ሊጥ ውስጥ ስጥል የቆየሁ ሰው ወረቀቱን ጓንት ውስጥ ሰፋሁት።

ሲያማስለው አየሁት። መሳቅ ነበረብኝ፣ ሳቅኩ።

የመጨረሻው ትዕይንት። ሰርግ፣ ወርቃማ ብርሃን፣ ሁሉም ከኋላዬ ተሰልፈዋል። እኔ ወደ ፊት ሦስት እርምጃ እሄዳለሁ፣ እጄን እዘረጋለሁ፣ ሁለቱን ስንኞች እላለሁ፣ መጋረጃ።

ሄድኩ። ዘረጋሁ።

ምንም።

ፐርዝ። ያው ባዶ ቦታ። ሺና መርዳት አትችልም፤ መዝገቧ ላይ የሉም። ማንም መርዳት አይችልም፤ ማንም አላያቸውም። ድንችና ሽንኩርት ብቻ ነው የሚመጣልኝ። ብርሃኑ ይሞቃል። አንድ ሰው ሲስል ሰማሁ። ኢሽቤል እጇን አፏ ላይ አደረገች። ምን ያህል ቆሜ ቆየሁ? ሌሎቹ አሥር ሰከንድ ነው ይላሉ። እኔ እዚያ አርጅቻለሁ።

ከላይ፣ ከሰገነቱ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ። ቀልድ መስሏታል።

«ከኋላሽ ነው!»

ሌላው ልጅ ተቀበላት። ከዚያ ሁሉም። አምስት መቶ ልጅ እየጮኸ፣ ወንበር እየደበደበ፦ «ከኋላሽ ነው! ከኋላሽ!»

ዞርኩ። ሌላ ምን ላድርግ፣ እማማ ስቶቪ ሲሏት ትዞራለች።

ፊንሌ ከሰልፉ ወጥቶ ነበር። ጢሙ ላይ ሊጥ አለ። እጄን ያዘኝ። ከዚያ እሱ፣ ልዕልቲቱ፣ ዳንሰኞቹ፣ የላሟን የፊትና የኋላ እግር የሚሆኑት ሁለት ተዋንያን ሳይቀሩ፣ ሁሉም ባንድ ድምፅ፣ ቀስ ብለው፣ ወደ ሕዝቡ ሳይሆን ወደ እኔ፦

መብራቱ ሲጠፋ፣ ተረቱ ሲያበቃ፣
እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደ ቤት፣ በቃ።

መጋረጃ። ጭብጨባው ግድግዳ የሚያፈርስ ነበር። እንዲህ ሆኖ የተጻፈ መሰላቸው።

መልበሻ ክፍል። ዊጌን ሺና አወለቀችልኝ። ፊንሌ በሩን ዘግቶ ጀርባውን ሰጠው።

«ፖስታውን ከፍታችኋል» አልኩ።

ተያዩ።

«ማንም ምንም አልከፈተም፣ ዱጊ» አለች ሺና። «ስንኞቹን አንተ ነህ የምትለው።»

«እኔ አንዲት ቃል...»

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። ሻይ ስትቀዳ ትለዋለህ። ጫማህን ስታስር ትለዋለህ። ከመጋረጃው ጀርባ ቆመህ፣ ደጋግመህ።»

«ልብስ ሰፊዋ ታውቀዋለች» አለ ፊንሌ። «ባሏም ያውቀዋል። ሰውዬው ቧንቧ ሠራተኛ ነው።»

«ጥርስህ ላይ ቀለም አለ ያልከኝ...»

«ጥርስህ ንጹሕ ነበር።»

«ለምን ዝም አላችሁ?»

ሺና ዊጉን እያበጠረች ቆየች። «እንደምትለው አታውቅም ነበር። ብነግርህ ምን ልነግርህ ነው?»

«ልማዱስ? መዓቱስ?»

«አንድ ጊዜ ከተባለ መብራት ይወድቃል። ይህን ያህል ጊዜ ሲባል ምን እንደሚወድቅ ማንም አልነገረኝም» አለች። ዓይኗን ጠረገች፣ በዊጉ።

ሦስት ሳምንት ስደብቀው የነበረው ነገር በአደባባይ፣ በራሴ አፍ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ስቀልድ እያወቁ ሳቁልኝ። ይህ ይሻላል ወይስ ይብሳል?

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 3

ደብዳቤውን ከፈትነው። ኢሽቤል አነበበችልኝ። የበሽታው ስም ረጅም ነው። ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ሁለተኛውን እኔ ስለጠየቅኳት። ሦስተኛውን መጠየቅ ፈልጌ ተውኩት።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

ለሮና ደውዬ ነገርኳት።

«ዱጊ፣ የኔ ጌታ... ለጊዜው ስምህን ዝርዝሩ ላይ አቆየዋለሁ።»

ለጊዜው።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 19

ዛሬ መሃል ላይ ቀሚሴን ሰብስቤ «በሕግ ስም፣ ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» አልኩ። ሳጅን ጊሊስ። ልጆቹ ወደዱት፣ አባቶቹ አጨበጨቡ። ፊንሌ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳና «ያዙኝ፣ ያዙኝ» እያለ እጄን ይዞ አወጣኝ። ከመድረክ ስንወርድ ግን የት እንዳለሁ ጠየቅኩት። እንደጠየቅኩት አስታውሳለሁ። ፊቱን አስታውሳለሁ።

ሺና ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ። ለወገቧ ነው ያለችው ወንበር።

ከሰኞ ጀምሮ ቀሚሱን ፊንሌ ይለብሳል።

እሑድ፣ ዲሴምበር 21

የመጨረሻዬ። በደንብ ሠራሁ። እጄን ይዘው ነበር።

ቀሚሱን ራሴ አስተካክዬ ሰቀልኩለት። «ጡቱን አትጭመቀው» አልኩት፤ «ቀስ ብሎ ነው ተመልሶ የሚነፋው።»

«ረቡዕ ቀን መጥተህ ታየኛለህ» አለ። ቀልድ የለበትም። «አንተ ወንበርህ ላይ ሳትቀመጥ አፌን አልከፍትም። ስለዚህ እንዳትረሳ።»

ያለውን ሰማ። ደነገጠ። እኔ ቀድሜ ሳቅኩ፣ ከዚያ እሱ። እሱ ሳያቆም እኔ አቆምኩ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 24

ቀኑን ኢሽቤል ነገረችኝ። በቀይ እርሳሷ እዚህ ላይ የጻፈችውም እሷ ናት።

በዚያ ቴአትር ቤት የተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ወንበሩ ጠባብ ነው። ጎኔ የተቀመጠው ልጅ ከረሜላ ሰጠኝ። ፊንሌ ጥሩ እማማ ነው፣ ዳሌው ይበዛል እንጂ። ሳቅኩ። ከሁሉም ጋር «ከኋላሽ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ።

መጨረሻ ላይ ወርቃማው ብርሃን መጣ። ፊንሌ ወደ ፊት ሦስት እርምጃ ሄደ፣ እጁን ዘረጋ፣ ቆመ። ወንበሮቹን በዓይኑ ፈለገ። አገኘኝ። ከዚያ ተናገረው።

እንዲያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፣ ልጅ የሚገባው።

«ቆንጆ ነው» አልኳት ኢሽቤልን። «አዲስ ነው? ማን ጻፈው?»

እጄን ያዘች። ልጆቹ ካፖርታቸውን እየጎተቱ እስኪወጡ ድረስ እንደዚያ ተቀመጥን።

ቤት ገብተን ይህን ደብተር ከፈትኩ። ወደ ኋላ ገለጥኩ። ኖቬምበር 30 ላይ አሉ፣ ሁለቱም ስንኞች። የእጅ ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ጮክ ብዬ አነበብኳቸው። ተንጎራደድኩና ደግሜ አነበብኳቸው። አሁን የሚከለክለኝ የለም።